ነግሮ የማይጠፋ ሰው

ይህ ንግግር የሚነሣው ከአንድ ፌስታል ነው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን ገጠር፣ ወይም ከቡሬ አለፍ ብሎ በወንበርማ በኩል፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ወይም እናት ካሉበት ቤት ገብቶ «እስኪ መድኃኒትዎን ያሳዩኝ» ያለ ሰው፣ ከምሰሶ ተንጠልጥሎ ወይም ከራስጌ ተወትፎ የኖረ ጥቁር ፌስታል ይወጣለታል። ሲዘረገፍ ካርቶኑ የጠፋ የደም ግፊት ክኒን አለ። አምና ለሳል ታዞ በሦስተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ተብሎ የተተወ አንቲባዮቲክ አለ። በገበያ ቀን ለጉልበት ቁርጥማት የተገዛ ዲክሎፈናክ፣ ግማሹ የተጨመቀ የዓይን ቅባት፣ አንዳንዴም ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ብሎ የለገሰው፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ነጭ እንክብል አለ።

የጤና መረጃ ሲባል የከተማ ሰው ቶሎ የሚታየው ስልክና ኢንተርኔት ነው። የምዕራብ ጎጃም ሽማግሌና ባልቴት የጤና መረጃ ግን በአብዛኛው ያለው እዚያ ፌስታል ውስጥና ፌስታሉን በሞሉት ሰዎች አፍ ላይ ነው።

ከተዘረገፈው አንዱን እሽግ ብቻ ነጥሎ ማየት ይበቃል። ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ጊዜ 05/2025 ተብሎ ታትሟል። ፊደል የቆጠሩ አዛውንት መነጽራቸውን አስተካክለው ሲያነቡት አምስተኛው ወር ጥር ነው፤ ዓመቱ 2025 ነው፤ እኛ ያለነው ደግሞ ገና በ2010ዎቹ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ሒሳባቸው ትክክል ነው። የተጻፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ያ ቀን በእኛ ግንቦት 2017 ነበር፤ መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበታል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጧትና ማታ በ8:00 ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ለጻፈው ባለሙያ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ለታማሚው ግን ስምንት ሰዓት ነው። ቃል በቃል የተከተለ ሰው አንዱን ክኒን ከቀትር በኋላ ውጦ ለሁለተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊነሣ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈው ማብራሪያ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው።

ይህን ሁሉ ለማቃናት የሚያስፈልገው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። መድኃኒቱን የሚያቀብለው ሰው «እማማ፣ ይህ በእኛ ግንቦት ላይ ያልፍበታል፤ አንዱን ከቁርስ በኋላ፣ አንዱን ከእራት በኋላ ይውሰዱ» ብሎ በአፉ ቢናገርና ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ቢጽፍ ያልቃል። የሚያደርጉት አሉ። የማያደርጉት ይበዛሉ፤ ሰልፉም ረጅም ነው።

እንግዲህ የማያነቡት እናት ማን ያንብብላቸው? የልጅ ልጅ። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ቅዳሜ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ የቤቱ ሐኪምም ተርጓሚም ይሆናል። አያቱ «እስኪ ይህ ምንድን ነው?» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛውን ስም እየጎተተ ያነብላቸዋል። የሚያውቀውን ብቻ አንብቦ ቢያቆም መልካም ነበር። ግን ስልክ ይዟል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል ዱቄት፣ ግፊትን ለዘለዓለም የሚያሰናብት ሻይ የሚሸጡ ነጭ ጋወን የለበሱ ሰዎች አሉ። ልጁ አያቱን ይወዳልና ያየውን ይነግራቸዋል። እሳቸውም ይሰሙታል፤ የተማረው እሱ ነዋ!

ስልኩም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ሲጫር ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በድረ ገጽና በመተግበሪያ ብቻ የሚሰራጭ የጤና መረጃ ለዚህ አገር ሰው ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ያ ጊዜ በደንብ አሳይቷል።

የኮሮናን ዘመን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር ወሬው ከቫይረሱ ቀድሞ ጎጃም ገባ፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሎሚውና ፌጦው በየቤቱ ይወቀጥ ጀመር። ቀኑ ሳይርቅ፣ መጋቢት 22፣ ክልሉ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀን ዘጋ። ጥሊሊ ለቡሬ ሰው የመንገድ ጎረቤት ናት፤ ፍርሃቱ የሩቅ አልነበረም። ያን ሰሞን ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ጥሪውን ድምፅ እጅ ስለ መታጠብ በሚናገር መልእክት ተካው። ልጃቸው ዘንድ የደወሉ እናት ልጁ ስልኩን እስኪያነሣ ድረስ ምክሩን ፈለጉም አልፈለጉም ሰሙት። ማንበብ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ቋንቋውም የራሳቸው ነው። ለአረጋውያን የጤና መልእክት ለማድረስ ከዚያ የተሻለ ዘዴ ብዙ አልታየም።

አንድ ነገር ግን ጎድሎት ነበር። ያ ድምፅ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። የሽማግሌ ሰው ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ «ለእኔስ?» የሚል ነው። «እኔ ግፊትም ስኳርም አለብኝ፤ ጾም ላይ ነኝ፤ አንድ ዓይኔ አያይም፤ ለእኔስ እንዴት ነው?» ለዚህ መልስ የሚሰጥ፣ መልሱ ካልሠራ ደግሞ ተመልሰው ሄደው «እንዲህ ብለኸኝ ነበር» የሚሉት ሰው ያስፈልጋል። በወቅቱ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የተባለውን ነጻ መስመር የከፈተው ለዚሁ ነበር፤ በገጠር ደውሎ መጠየቅ የለመደ አዛውንት ግን ጥቂት ነው።

የጤና ቃል መታመን አለመታመኑን ለመመዘን ብዙ መስፈርት ይደረደራል። ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ከሁሉ የሚቀድመው ተናጋሪው በሚቀጥለው ገበያ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አንድ ዱቄት ለሃያ በሽታ የሚሸጠው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ባለ ጋወንም የት እንዳለ አይታወቅም። እርግጥ ጎረቤትም አይጠፋም፤ ቡና ላይ «ተይው፣ ይህ ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል» ያለችው ሴት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናት። ስለዚህ መገኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገኘው ሰው ማወቅም አለበት። የሚያውቅ ሰው በጠፋበት ቦታ ወሬ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማየት ደግሞ ከዝሆኔ የተሻለ ማስረጃ በጎጃም የለም።

በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተዙሮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ ዓይነት የእግር እብጠት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት በየሰንበቴው፣ በየዕድሩ አንድ የታወቀ ሰው ማለት ነው። በአገር ደረጃ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ይገመታል። ስለ ምክንያቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወሬ ብዙ ነው፤ የሞተ እንስሳ አጥንት መርገጥ፣ የእባብ መንገድ ማቋረጥ፣ እርግማን፣ ዘር። በዚህ የተነሣ ጋብቻ ፈርሷል፤ ሰው ከማኅበር ተገልሏል፤ እግሩን በነጠላ ሸፍኖ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቆ የሚቆም አለ።

እውነቱ ደግሞ በመንደሩ መሬት ላይ ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር በሽታውን ከቀይ አፈር ጋር አገናኘው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ የደጋ አፈር እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ አለው፤ ባዶ እግሩን ለዓመታት ያረሰና የተመላለሰ ሰው ብናኙ በቆዳው እየገባ የሊምፍ ቧንቧውን ያስቆጣና ይዘጋዋል፤ እግሩ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያደረገ አይያዝም። የተያዘውም እግሩን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ቢያጥብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ ሲቀመጥ ከፍ ቢያደርገውና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሽታውና ትኩሳት ያለበት ሕመሙም ይታገሣል። ይህ እውቀት በሳይንስ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ወደ ጎጃም ገበሬ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ አንድ ትውልድ አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። «በዘር ነው» የሚለው ወሬ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አልነበረም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አሳይተዋል። ዝንባሌው ያለው ሰው ግን አፈሩን በባዶ እግሩ ካልረገጠ በሽታው አይመጣበትም። መንደሩ ግማሹን እውነት ይዞ «ከእነሱ ዘር አትጋቡ» የሚል ፍርድ ሰጠ፤ ሌላው ግማሽ ደርሶት ቢሆን ኖሮ «የእነሱን ልጆች ቶሎ ጫማ አልብሱ» ይል ነበር። ፈጽሞ ሐሰት የሆነ ወሬ ውሎ አድሮ ይጋለጣል። የሚከብደው ግማሹ እውነት የሆነው ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሽፈራው ቅጠሉ፣ ዝንጅብሉ ሁሉ በዚህ መደብ ናቸው። ምግብ ናቸው፣ ለጤናም ይጠቅማሉ፤ የግፊት ክኒን የሚተካ ግን በውስጣቸው የለም። ኮሶ እንኳ ትል ማስወጣቱ እውነት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ የተነገራቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ድሮ ትክክል የነበረ፣ አሁን ግን ያረጀ ምክር ነው። «የዓይን ሞራ ካልበሰለ አይነካም» የሚለውን አዛውንቶች ከየትም አላመጡትም፤ ከሐኪም የሰሙት ነው። ቀዶ ሕክምናው በቀድሞው ዘዴ ሲሠራ ሞራው እስኪጠነክር መጠበቅ ይመከር ነበር። ዛሬ ዘዴው ተለውጧል፤ ማየት ካስቸገረ መጠበቅ አያሻም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት ጥናት ከዓይነ ሥውራን የግማሾቹ ያህል መንስኤ ይኸው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። በጨለማ ቤት ተቀምጠው «ይብሰል» እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች የሚጠብቁት ያረጀ ምክር ነው። የትራኮማም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ የዓይን ቆባቸው ፀጉር ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይቆያሉ፤ ቀላሉን ቀዶ ሕክምና ደግሞ «ያሳውራል» ተብለው ይፈሩታል። የሚያሳውረው እየተፋተገ ብሌኑን የሚያቆስለው ፀጉር ነው።

ከሁሉ በዝምታ የሚጎዳው ግፊት ነው። በ2007 ዓ.ም. በተሠራ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊት ነበረባቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል። «ግፊቴ ሲነሣ ይታወቀኛል» የሚለው ንግግር ከአፍ የማይጠፋ ነው፤ ራስ ምታት ሲመጣ ይወጣል ክኒኑ፣ ሲተው ይቀመጣል። ግፊት ግን ምንም ሳያሳምም ልብና አንጎል ዘንድ የሚደርስ ነገር ነው። በዚህ ላይ ለጉልበቱ የሚወሰደው ዲክሎፈናክ ይጨመራል። ዲክሎፈናክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጨጓራን ያደማል። የግፊቱን ክኒን ያዘዘው ሐኪም ሆስፒታል ነው፤ የጉልበቱን የሸጠው ሰው ገበያ ዳር ነው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ታማሚውም የጉልበትና የግፊት ነገር ይገናኛል ብሎ ስለማያስብ አይናገርም። በሌላው ዓለም ሐኪሞች አረጋውያንን «በቤትዎ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ» ማለትን ልማድ አድርገውታል። የእኛም ቀጠሮ ካርድ ላይ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ብትታተም ወጪዋ የቀለም ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሳይነገር የጎጃም ሽማግሌ ጤና ተነገረ አይባልም። ባለቤታቸው ሲያርፉ ቆብ ደፍተው በጾምና በጸሎት የሚኖሩ እናቶች ብዙ ናቸው። «ከምግብ በኋላ» የተባለ የስኳር ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ሰው ምን ማለት ነው? ሐኪሙ ይህን ካልጠየቀ እሳቸው አይነግሩትም፤ ክኒኑን ይተዉታል፣ ወይም በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል። ነገሩን መፍታት የሚችለው የንስሐ አባታቸው ነው፤ ለታመመ ሰው ጾሙን የማቅለል ሥልጣን አለውና። ጸበልና መድኃኒትም አይጣሉም። ለዚህ የታወቀው ምስክር በ1999 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ በጸበል ቦታ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን የሚጥሉ ሰዎች በበዙበት ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ከማንም ሐኪም ቃል ይልቅ ሰሚ ነበረው። ለግፊትና ለስኳርም እንዲህ ያለ ቃል በየአጥቢያው ቢነገር ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ ከግሽ ዓባይ ጸበል የሚመለሰው ሰው ጀሪካኑንም ክኒኑንም ይዞ ይመለስ ነበር።

በመንግሥት በኩል የሚያውቅም የማይጠፋም ሰው ሆና የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፤ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን በር ውሻ እንዳለው ያውቃሉ። ጉድለቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ የተቀረጹት 16 ፓኬጆች እናትና ሕፃንን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ ወባንና መሰሎቹን ያስቀደሙ ነበሩ። ተገቢ ነበር፤ የሚሞተው ሕፃኑ ነበርና። አሁን ግን ሽማግሌውም መታሰብ አለበት፤ የቤተሰቡን ፎልደር ገልጦ «አባባስ ግፊታቸውን መቼ ተለኩ?» የሚል አሠራር ከዚያው እኩል አልተተከለም። ሠራተኛዋ ስታንኳኳ የምትጠይቀው ስለ ነፍሰ ጡሯ ምራት ነው፤ ሽማግሌው ከምድጃው ዳር ሆነው ይሰማሉ።

ሆስፒታልም ሲኬድ አንድ ልማድ አለ፤ ባለሙያው የሚያናግረው አብሮ የመጣውን ልጅ ነው። «አባትህ ይህን ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ» ይባልና ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። ቤት ሲደርሱ ልጁ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ጨው የሚጨምረው ግን ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ክኒኑን የሚውጡት ደግሞ ያላናገሯቸው አባት ናቸው። ሽማግሌ ሐኪምን መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለሚቆጥረው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። ይህን የሚሰብረው ልጁ ነው። «ዶክተር፣ ለእሳቸው ይንገሩልን» ቢል፣ ከዚያ አባቱን «እስኪ እንዴት ነው የሚወስዱት አሉ?» ብሎ ደግሞ ቢያስነግራቸው፣ የተሳሳተው እዚያው ይታረማል። ክኒኑ ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፣ በቤት ካለው ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ካልተስማማ ወደ ማን እንደሚደወል ሳይጠየቅ ከዚያ ክፍል መውጣት የለበትም።

የሚያጠራጥር መድኃኒት ወይም ማስታወቂያ ሲያጋጥም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 የሚባል ነጻ መስመር አለው። ቁጥሩ ከሽማግሌው ይልቅ በልጁ ስልክ ላይ ቢመዘገብ ይሻላል።

ውጭ አገር ያሉት ልጆችም የዚህ ነገር ባለድርሻ ናቸው። ከዋሽንግተን ወይም ከሲያትል በመጣ ሰው እጅ የሚላከው የቪታሚን ጠርሙስ በየገጠሩ ቤት ይታያል፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ «ልጄ የላከልኝ» በመሆኑ ግን ከሆስፒታሉ ክኒን በላይ ይከበራል። ከጠርሙሱ የሚጠቅም ነገር እዚያው ሲያትል አለ። በሃርበርቪው ሆስፒታል የሚገኘው ኤትኖሜድ የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች በቋንቋቸው የጤና ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ አማርኛ አለበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜድላይንፕላስ የተባለው ገጹም የአማርኛ ጽሑፎችን ሰብስቧል። ሁለቱም የሚሸጡት ነገር የላቸውም። ልጁ አንዱን በትልልቅ ፊደል አትሞ ቢልክና እናቱ ወይም የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ፣ ነርሷ የሚስማማቸውንና የማይስማማቸውን ለይታ ትነግራቸዋለች። ስልኳንም ልጁ ቢይዝ፣ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛቱ በፊት የሚደውልላት ሰው አገኘ ማለት ነው።